ሰው የማይመረጥበት ምርጫ

የጅቡቲ ከተማ ነዋሪ ለኮሙን ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ የሚመርጠው ሰው አይደለም፤ ዝርዝር ነው። ከተማዋ ራስ ዲካ፣ ቡላኦስና ባልባላ በሚባሉ ሦስት ኮሙኖች ተከፍላለች። ፓርቲዎች ለእያንዳንዱ ኮሙን የስም ዝርዝር ያቀርባሉ፤ መራጩ ዝርዝሩን እንዳለ ይወስዳል፣ አለዚያም እንዳለ ይተወዋል። ከንቲባውም የሚወጣው ከተመራጮቹ መሀል በተመራጮቹ ድምፅ ነው። ይህ አሠራር በ2006 ተጀምሮ በ2012፣ በ2017 እና በ2022 ተደግሟል (የጅቡቲንና የኬንያን ዓመታት በአገሬው አቆጣጠር፣ የእኛን በእኛ አቆጣጠር እጽፋለሁ)። በየዙሩ የሚነሳው ክርክር ግን ያው ነው፤ የትኛው ፓርቲ አሸነፈ፣ ማን ራሱን አገለለ፣ ምክር ቤቶቹ ምን ያህል ሥልጣንና በጀት ተሰጣቸው የሚል። የእኔ ጥያቄ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። የምክር ቤቱ ወንበር ከአንድ ሰፈርና ከአንድ ስም ጋር ካልተያያዘ፣ ሥልጣኑም በጀቱም ቢጨመር ለባልባላ ሰው የሚደርሰው ጥቂት ነው። መጀመሪያ ተጠያቂው ሰው ይታወቅ፤ የካዝናው ነገር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

ስለዚህ ምርጫ ለማውራት ባልባላን ማወቅ ግድ ነው። በኦገስት 1966 ጄኔራል ደጎል ጅቡቲን ሲጎበኙ ነፃነት የሚጠይቅ ሰልፍ ገጠማቸው። ከዚያ ወዲህ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደር ከገጠርና ከጎረቤት አገር የሚገባውን ሰው ለማገድ ከተማዋን በሽቦ አጥር ዘጋት። አጥሩን ማለፍ ያልቻለው እዚያው ደጅ ላይ ቆርቆሮና ጣውላ ገጣጥሞ ቀረ። ነፃነት በ1977 መጣ፣ አጥሩም ውሎ አድሮ ተነሳ፣ ሰፈሩ ግን እየሰፋ ሄዶ ዛሬ ከከተማዋ ነዋሪ ግማሽ ያህሉን ይዟል። ከአሮጌው ከተማ የሚለየው አምቡሊ የሚባለው ወንዝ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ ሰንብቶ ዝናብ በመጣ ቀን ሰው የሚበላ ወንዝ። በኤፕሪል 2004 ሲሞላ ከ50 የማያንሱ ሰዎች ሞተዋል። በኖቬምበር 2019 ደግሞ የሁለት ዓመት ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ ተብሎ፣ መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በጋራ ባወጡት መግለጫ እስከ 250,000 ሰው መጎዳቱ ተነገረ፤ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ባላት አገር ማለት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ራስ ዲካ ኤምባሲዎቹ፣ ወደቡና ፈረንሳዮች የሠሩት ባለ ቅስት በረንዳ ሰፈር ያሉበት ነው፤ የእኛ ሰው ዛሬም ምኒልክ አደባባይ የሚለው፣ በመዝገብ ግን በነፃነት ቀን በጁን 27 የተሰየመው አደባባይም እዚያ ነው። የራስ ዲካ ነዋሪ ቅሬታ ቢኖረው የሚያውቀው ባለሥልጣን አያጣም። የምክር ቤት ተመራጭ በጣም የሚያስፈልገው ባልባላ ውስጥ ፒኬ 12 በሚባለው ሰፈር ቤቷ በር ላይ ቦዩ ተደፍኖ ውኃ የተኛባት ሴት ናት፤ እሷ ደግሞ ድምፅ የሰጠችው ለመላው ባልባላ ለቀረበ ረጅም ዝርዝር ነው። ከዚያ ውስጥ ማን የእሷ እንደሆነ የነገራት የለም፣ ምክንያቱም የእሷ የተባለ ሰው የለም።

ዕጩዎቹ የሚገቡትን ቃል ደግሞ እንመልከት። በዘመቻው ወቅት ከሁሉ በላይ የሚነሳው ውኃና መብራት ነው፤ መነሳቱም አይፈረድበትም፣ ክረምታቸው እስከ 45 ዲግሪ የሚደርስ ሙቀት ነውና። ነገር ግን ውኃው የሚመጣው ከየት ነው? ከ2017 ጀምሮ ትልቁ ምንጭ በእኛ ሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን አዲጋላ አካባቢ ያለው የከርሰ ምድር ውኃ ነው፤ ሁለቱ መንግሥታት ተፈራርመው፣ በቻይና ብድር ቧንቧ ተዘርግቶ የመጣ። በ2021 ዶራሌ ላይ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ጣቢያ ሲጨመር ገንዘቡን በዋናነት የሰጠው የአውሮፓ ኅብረት ነው። የሚያከፋፍለው ኦኔአድ የተባለው ብሔራዊ መሥሪያ ቤት ነው። መብራቱም ከ2011 ወዲህ በአብዛኛው ከድሬዳዋ በሚወርደው የከፍተኛ ኃይል መስመር የሚገባ ሲሆን የሚሸጠው የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ድርጅት ነው። ቆሻሻና መንገድ የራሱ ዳይሬክተር ያለው ሌላ መሥሪያ ቤት አለው፤ በ2018 የተጀመረው «ዜሮ ቢዶንቪል» የተባለው ደሳሳ ሰፈሮችን የማደስ ፕሮግራም ደግሞ በማኅበራዊ ቤቶች ኤጀንሲ በኩል ይሠራል። እንግዲህ ለኮሙን ወንበር የሚወዳደር ሰው «ውኃ አስገባላችኋለሁ» ሲል ላም አለኝ በሰማይ ማለቱ ነው። የሚያስገርመኝ ይህን ማለቱ ሳይሆን ቃሉን ባይጠብቅ ማንም የማይጠይቀው መሆኑ ነው፤ በስሙ የገባው ቃል የለምና። ቃሉን የገባው ዝርዝሩ ነው።

በኮሙን እጅ ያለው ሥራ ቀላል ይመስላል፣ አይደለምም። የሲቪል መዝገብን እንውሰድ። ልጁ የልደት ወረቀት ከሌለው ትምህርት ቤት ማስመዝገብም፣ ፈተና ማስቀመጥም፣ በኋላ መታወቂያ ማውጣትም መከራ ነው። የምዝገባው ጊዜ ካለፈ ጉዳዩ ከኮሙኑ ጠረጴዛ ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት ይዞራል፤ ምስክር መጥራት፣ ቀጠሮ መጠበቅ፣ ወጪ ማውጣት ይከተላል። ቤቷ ውስጥ ወልዳ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከቤት ያልወጣች የባልባላ እናት የምዝገባው ቀን በቀላሉ ያልፋታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ቢሊዮን ፍራንክ አይደለም። አንድ ተመራጭ በሰፈሩ አዋላጆቹን አውቆ፣ መዝገብ ያዢውን በወር አንድ ቀን ወደ ሰፈሩ አምጥቶ፣ ቀኑን በመስጊድ ቢያስነግር ብዙ ሕፃናት ከፍርድ ቤት ደጅ ይድናሉ። ገበያው፣ የቦዩ ጠረጋ፣ የመንገድ ዳር ነጋዴው ቦታም እንዲሁ ናቸው፤ ከገንዘብ በፊት በየዕለቱ የሚከታተል ዐይን ይፈልጋሉ። እንዲህ ያለውን ሥራ ለኮሙኑ ምክር ቤት በጅምላ ብትሰጠው የሁሉም ስለሆነ የማንም አይሆንም።

ተቃራኒውን የሚሉ ሰዎች ክርክር ጠንካራ ነው። የጅቡቲ ያልተማከለ አስተዳደር በ2002 ለክልሎች፣ በ2005 ለከተማዋ በወጡ ሕጎች ቢቋቋምም ምክር ቤቶቹ የራሳቸው ገቢ እጅግ ጥቂት ነው፤ ካዝናውም ዋናው ውሳኔም ከማዕከላዊ መንግሥት ወጥቶ አያውቅም፣ ከምክር ቤቱ ጎንም መንግሥት የሚሾመው ፕሬፌ ተቀምጧል። ስለዚህ «መጀመሪያ ገንዘብና ሥልጣን ስጧቸው፣ ጥሩ ዕጩ በራሱ ይመጣል፤ ባዶ ወንበር ለማን ያጓጓል?» ይላሉ። ኬንያ ይጠቀሳል፤ በ2010 ሕገ መንግሥቷ አገሪቱ ከምትሰበስበው ገቢ ቢያንስ 15 ከመቶው ለካውንቲዎች እንዲሄድ ደንግጋለች። ልክ ነው፣ ግን የኬንያው ምሳሌ ሲጠቀስ ግማሹ ይረሳል። ኬንያ ገንዘቡን ያወረደችው 1,450 ቀበሌ መሰል ዋርዶች ላይ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው በስሙ እንዲመርጡ ካደረገች በኋላ ነው። የካውንቲ ተመራጮች ለጉዞና ለአበል የሚያወጡት ገንዘብ በኬንያ ጋዜጦች ሲብጠለጠል ኖሯል፤ መብጠልጠሉ ራሱ ግን የሚመሰክረው ነገር አለ። መራጩ የሚወቅሰውን ሰው ስሙን ያውቃል፣ በሚቀጥለው ምርጫም ይቀጣዋል። ገንዘብ ስም ለሌለው ዝርዝር ቢወርድ መጥፋቱን የሚያውቅም አይኖርም።

የዝርዝር ምርጫ በጅቡቲ የመጣው ለከተማ ምክር ቤት ታስቦ አይደለም፤ የአገሪቱ ፖለቲካ የተገነባበት ነው። በ2003 የፓርላማ ምርጫ ተቃዋሚው ጥምረት 37 ከመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ65ቱ ወንበር አንድም አልደረሰውም፤ በየክልሉ ያሸነፈው ዝርዝር ሁሉን ይጠቀልል ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ ትንሽ ድርሻ በተመጣጣኝ ውክልና ሲከፈል፣ በ2013 ተቃዋሚዎቹ ወደ 35 ከመቶ ድምፅ ይዘው 10 ወንበር አገኙ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎቹ ተቃዋሚዎች ምርጫ ማድመቅን እንደ ውርደት ቆጥረው መራቅን መርጠዋል፤ በ2023 የፓርላማ ምርጫ ዋና ዋናዎቹ አልተወዳደሩም፣ ገዢው ጥምረትም 58 ወንበር ወሰደ። መራቁን ለመውቀስ ይቀላል፤ ዝርዝር ሲሸነፍ ጠቅላላ የሚሸነፍ ከሆነ ግን ለየትኛው ሰፈር ብሎ ይወዳደር? በከተማዋ ታሪክ ተቃራኒውን የሚያሳይ አንድ ሰው አለ። የመጀመሪያው ከንቲባ አብዱራህማን መሐመድ ጌሌህ ከ2006 እስከ 2012 በዚያ በጀት አልባ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ ሕዝቡ በስሙ፣ ይልቁንም «ቴ-ኢክስ» በሚለው ቅጽል ስሙ አወቀው። በ2012 የራሱን እንቅስቃሴ ይዞ ገዢውን ጥምረት በዋና ከተማዋ ተገዳደረ፤ በ2013 ደግሞ ከተቃዋሚው ኅብረት ዋና ሰዎች አንዱ ሆነ። ያን ያህል ያሳደገው በጀት ወይም ሥልጣን አልነበረም። በከተማው ሕይወት ውስጥ ሕዝቡ ፊቱን ለይቶ የሚያውቀው አንድ ወንበር የከንቲባው ብቻ ስለነበር ነው። የባልባላ ተመራጮች እንደዚያ በስም ቢታወቁ ኖሮ፣ ከገዢውም ፓርቲ ቢሆኑ፣ ስንት ሰው ይበቅል ነበር?

ዝርዝሩን የሚከላከሉ ሴቶች አሉ፣ መከላከላቸውም ከልብ ሊሰማ የሚገባው ነው። ጅቡቲ በ2002 ከተመራጮች ቢያንስ 10 ከመቶው ከእያንዳንዱ ጾታ እንዲሆን ስትደነግግ፣ በ2003 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ፓርላማ ገቡ፤ በ2018 ኮታው ወደ 25 ከመቶ ከፍ አለ። በከተማዋም በ2017 ፋቱማ አዋሌ ኦስማን የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ሆኑ። ይህ ሁሉ የሆነው ኮታ በዝርዝር ላይ በቀላሉ ስለሚሠራ ነው፤ ወንበሩ አንድ፣ አሸናፊው አንድ ቢሆን የሰፈሩ ሽማግሌዎች ወንድ ማቅረባቸው አይቀርም። ለአፋሩ፣ ለዓረቡና ቁጥራቸው ለሚያንስ ጎሳዎችም ያው ነው። ስለዚህ እኔ የምደግፈው አንድ ሰው የሚያሸንፍበትን ሥርዓት አይደለም። ባልባላ በአራት ወይም አምስት ክፍል ተከፍሎ እያንዳንዱ ክፍል አራት ያህል ሰው ይምረጥ፤ በእያንዳንዱ አጭር ዝርዝር ኮታው ይጠበቅ፤ መራጩ ከዝርዝሩ ውስጥ ከሚወደው ስም ጎን ምልክት ያድርግ። አራት ሰው አንድ ሰፈር ያውቃል፤ የፒኬ 12 እናት ከአራቱ የአንዷን በር ሄዳ ማንኳኳት ትችላለች። ኬንያም ከጾታ አንዱ ከሁለት ሦስተኛ እንዳይበልጥ በቀጥታ ከተመረጡት ላይ ተጨማሪ ወንበር አክላ ነው ያስታረቀችው፤ ሁለቱን ለማስታረቅ መንገድ አለ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ከእኛው ቤት የሚመጣው ተቃውሞ ነው። አዲስ አበባ ዕጩን በስሙ እንጂ በዝርዝር አትመርጥም፤ ታዲያ ምን አተረፈች? በ1997 ዓ.ም. ቅንጅት ከ138ቱ የከተማዋ ምክር ቤት ወንበር 137ቱን ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ2000 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ከዚያው 138 ውስጥ ያንኑ 137 ወሰደ። ከተማው በሦስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ሐሳቡን ቀየረ የሚል የለም፤ በመካከል የሆነውንም ሁሉም ያውቀዋል፣ ተመራጩ ከንቲባ ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ፣ ከተማዋም በባለአደራ አስተዳደር ተያዘች። ሁለቱ ቁጥሮች የሚያሳዩት ግን የፖለቲካውን ክፋት ብቻ አይደለም። ወንበሮቹ በ23 ምርጫ ክልል ሲደለደሉ ለእያንዳንዱ ስድስት ይደርሳል። ለፓርላማ አንድ ሰው የሚመርጥ መራጭ በዚያው ክልል ለከተማው ምክር ቤት ስድስት ስም ይጠበቅበታል፤ ስድስቱን አጥንቶ የሚለይ ጥቂት ነው፣ ሌላው ምልክቱን አይቶ ይሄዳል። ክልሉ ደግሞ ራሱን የቻለ ከተማ የሚያህል ነው። ስሙ ወረቀቱ ላይ ነበረ፣ ሰፈሩ ግን አልነበረም። ለዚህ ነው በጅቡቲም ስም ብቻ አይበቃም የምለው፤ ቦታው መጥበብ አለበት፣ ያነሰ ድምፅ ያገኘውም በድርሻው የሚገባበት መንገድ መኖር አለበት።

ቦታው በጣም በጠበበበት በቀበሌ ደረጃስ የእኛ ነገር ከጅቡቲ ይሻላል? እውነቱን ለመናገር አይሻልም። የመጨረሻው አገር አቀፍ የቀበሌና የወረዳ ምርጫ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። ያኔ ከ3.6 ሚሊዮን ገደማ ወንበር ተቃዋሚዎች ያገኙት አምስት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ምርጫው ራሱ አልተደረገም። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ስትሰጥ ወረዳው ሳይነካ ቀረ። የከተማዋ ዓመታዊ በጀት ከ200 ቢሊዮን ብር ያለፈበት ዘመን ነው፤ ይህን የሚያክል ገንዘብ በሚወጣበት ከተማ የቤቱ ፊት ለፊት የተቆፈረ መንገድ ያልተደፈነለት ሰው ሊጠይቀው የሚችል፣ እሱ ራሱ የመረጠው የወረዳ ሰው የለውም። ገንዘቡ ቀድሞ መጥቷል፣ ሰውየው አልመጣም። «መጀመሪያ በጀቱ» ለሚሉ የጅቡቲ ወዳጆቻችን የማቀርበው ማስረጃ ይህ ነው።

ስለ ጎሳ የሚነሳው ስጋት ይቀራል፤ ሰፈር ከተከፈለ ሰፈሩ የአንድ ጎሳ ርስት ይሆናል ይባላል። የጅቡቲን ፖለቲካ የሚያውቅ ይህን አይንቅም። ነገር ግን ዛሬ ዝርዝሩ የሚሠራው በምን ሆነና? ከሰዓት በኋላ ከእኛ አገር የሄደው ጫት ከተከፋፈለ በኋላ በየመብረዙ፣ ማለትም በየጫት መቃሚያው ክፍል፣ ተቀምጦ ለዚህኛው ጎሳ ስንት፣ ለዚያኛው ስንት ስም ይግባ የሚባለው ሒሳብ ለማንም አዲስ አይደለም። ሒሳቡ እዚያ ያልቃል፤ የሕዝቡ ድምፅ የሚመጣው ካለቀ በኋላ ነው። መራጩ ከስሞቹ መርጦ ምልክት የሚያደርግ ከሆነ ግን፣ ከራሱ ጎሳ ከቀረቡት ሁለት ሰዎች ሰነፉን ትቶ ትጉሁን የመውሰድ ዕድል ያገኛል። ጎሳው አይጠፋም፤ በጎሳው ውስጥ ውድድር ይገባል፣ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። «አገሪቱ ትንሽ ናት፣ ከተማዋ ራሷ መንግሥት ናት፣ ሚኒስትሩ ካለ የኮሙን ተመራጭ ለምን?» ለሚሉት መልሱ አጭር ነው፤ ሚኒስትር ቦይ አይጠርግም።

አሁን አፈጻጸሙ። ለዚህ ሕገ መንግሥት መንካት አያስፈልግም፤ የከተማዋን ደንብ ያወጣው የ2005ቱ ሕግ ተራ ሕግ ነው፣ ፓርላማው ሊያሻሽለው ይችላል። ችግሩ ፓርላማው ራሱ ነው፤ 65ቱም የተመረጡት በዝርዝር ነው። ለባልባላ ተመራጭ በስም የመታወቅ ግዴታ ቢጥሉ ነገ ያው ጥያቄ ለእነሱ ይመጣል፤ ስለዚህ ፈጥነው ያደርጉታል ብዬ አልጠብቅም። ዛሬ ከተማዋን የሚመሩት ከንቲባ ሰዒድ ዳውድ መሐመድና የሦስቱ ኮሙን ፕሬዚዳንቶች ግን ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። ያሉትን ተመራጮች በሰፈር ይደልድሏቸው፤ የእያንዳንዱን ስም፣ የሚገኝበትን ቀንና ሰዓት ሲቪል መዝገቡ በር ላይ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በዓረብኛና በፈረንሳይኛ ይለጥፉ። የሚቀጥለው ዘመቻ ሲጀምር ፓርቲዎች እነዚያኑ ሰዎች መልሰው ለማቅረብ ቢያቅማሙ፣ የሰፈሩ ሰው ማን እንደተተወና ለምን እንደተተወ ይጠይቃል፤ እስካሁን ሊጠይቅ ያልቻለው የሚጠይቅለትን ስም ስለማያውቅ ነው።